በሬውና የሚመለከተው አካል

ዓይን አፋር ሰው ብዙ ሥራ መሥራት ይችላል። ልብስ መስፋት ይችላል፤ ንብ ማርባት ይችላል፤ ቢሮ ቁጭ ብሎ ማኅተም መምታት ይችላል። በሬ መሳል ግን የለበትም። ይህን ምክር በጊዜው የሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ እናንተ እንኳ ተጠቀሙበት ብዬ ነው የምጽፈው።

የዓይን አፋርነቴን መጠን እንድታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ያሳፍረኛል። ሌላ ሰው «ወራጅ» እስኪል እጠብቅና አብሬ ወርጄ የቀረውን በእግሬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከሶዶ መውጫ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ ማንም ሰው አልወርድ አለ። ተበላ የምትባለው ቆላ ከተማ ድረስ ሄድኩ። ተበላ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ሙቀቱን ቀምሼ፣ ማንጎ ገዝቼ ተመለስኩ። አከራዬ እትዬ ማርታ ማንጎውን አይተው፣ «ተበላ ዘመድ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። እውነቱን ከመናገር «አዎ» ማለት ቀለለኝ። እስከ ዛሬ የዚያን ዘመዴን ጤና ይጠይቁኛል፤ እኔም እየተሻለው ነው እላለሁ።

ሥራዬ ሶዶ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጥበብ ማስተማር ነው። አዲስ ሰው ሲተዋወቀኝ «ምን ታስተምሪያለሽ?» ይላል። «ሥነ ጥበብ» እላለሁ። «እሺ፣ ሌላስ?» ይላል። ቦምቤ ከተማ የሚኖሩት አጎቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሥዕል መመረቄን አሁንም አላመኑም፤ ለጎረቤት ሲያወሩ «አካውንቲንግ ነው የተማረችው፣ ሥዕሉ በትርፍ ጊዜዋ ነው» ይላሉ። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ያለ እኔ አይንቀሳቀስም። የዕድራችን ወንበሮች ከሌላ ዕድር ወንበር ጋር እንዳይቀላቀሉ ጀርባቸው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመዘምራኑ ሰሌዳ ላይ ያለችውን እርግብም የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ዶሮ ትመስላለች የሚሉ አሉ፣ ግን ዶሮም ቢሆን የምትበር ዶሮ ነች። ሠርግ ሲኖር የሙሽሮቹን ስም በልብ ቅርጽ ውስጥ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ተደናግጬ በሙሽራው ስም ፋንታ የሚዜውን ስም ጻፍኩ። ሚዜው እስከ ምሳ ድረስ በጣም ደስ ብሎት ዋለ።

ችግሬ ክፍል ነበር። የሥዕል ክፍል ስለሌለን ቀለሜን፣ ጨርቄንና የውኃ ጆጌን ተሸክሜ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። ተማሪዎች ቀለም ቀብተው ሲጨርሱ ደወል ይደወላል፤ ሥራቸው ገና እርጥብ ነው፤ የሚደርቅበት ቦታ የለም። ስለዚህ ወደ ቤት እወስደውና አልጋዬ ላይ እዘረጋዋለሁ። እኔ ጠርዙ ላይ እተኛለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ጉንጬ ላይ የአንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ዓሣ ታትሞ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ እስከ ጣሪያው በተሰባበረ ዴስክ የተሞላ ስቶር አለ። ያንን ስቶር እኔ ለሥዕል ክፍል እመኘዋለሁ። የስፖርት መምህሩ ታሪኩ ለኳሶቹ ይመኘዋል። እኔ ምኞቴን በልቤ ስይዝ እሱ ምኞቱን በስብሰባ ላይ፣ በሻይ ሰዓትና በፊሽካ ይናገር ነበር። ኳስ ሳይደርቅ ቢያድር ምንም እንደማይሆን ላስረዳ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ማሰቡ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ጴጥሮስ አስጠሩኝ። አቶ ጴጥሮስ ደግ ሰው ናቸው። አማርኛን እንደ እኔው ከወላይትኛ ቀጥለው ነው የተማሩት፤ ወንድና ሴት ላይ ብዙ አይጨነቁም። እኔን «አንተ ጎበዝ ነሽ» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ልጅ ሆኜ አባቴን «መጣች» ስል ነው ያደግኩት።

«መምህርት» አሉ፣ «የወላጅ ኮሚቴው ለጊፋታ ግቢው ይድመቅ ብሏል። ከበሩ ስንገባ ያለችው ግድግዳ ላይ በሬ ትሳያለሽ። ትልቅ ትሁን። የጠገበች፣ ግርማ ያላት።»

«እሺ።»

«ኮሚቴው ቅዳሜ መጥቶ ያያል። ከወደደ ስቶሩ ያንተ ነው።»

«ካልወደደስ?» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ደፋር ጥያቄ ከአፌ መውጣቱ ገርሞኛል።

«ያኔ ኳሷ ትገባለች።»

ጊፋታ የወላይታ የዘመን መለወጫ ነው፤ በሬ የሌለው ጊፋታ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ማለት ነው። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ይቆጥባሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤ ይቆጥባሉ። ስለዚህ በሬ መታዘዜ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነበር፤ እናንተም ገብቷችኋል መሰለኝ። በሬ ወንድ ነው። አቶ ጴጥሮስ «ግርማ ያላት» ማለታቸው ግን ትንሽ አጽናናኝ። አለቃዬ «ያላት» ካሉ እኔ ማን ነኝና «ያለው» ብዬ የምስለው?

ጠንቃቃ ሰው ስለሆንኩ ከአእምሮዬ አልስልም። ደብተሬን ይዤ ወደ ከብት ገበያ ሄድኩ። ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሻኛው እንደ ኮረብታ የቆመ አንድ ቦቃ በሬ መረጥኩና መሳል ጀመርኩ። ቀንዱን ሳልኩ። ዓይኑን ሳልኩ። የአንገቱን ቆዳ እጥፋት በእጥፋት ሳልኩ። እርሳሴ ወደ ታች እየወረደ ሲመጣ አንድ ደላላ አጠገቤ ቆመ።

«እህቴ፣ በሬ በግንባሩ አይገዛም። ዞረሽ ከኋላ እዪው።»

«ገዢ አይደለሁም።»

«ታዲያ ይህን ያህል የምታፈጥጪበት ምን ጎድሎበት መስሎሽ ነው?» አለና ጅራቱን ብድግ አደረገ። «ይኸው። እዪ። የጎደለ ነገር አለ?»

ደብተሬን ከድኜ ከገበያው ወጣሁ። መውጣት ስል፣ የሮጥኩት እስከ አስፋልቱ ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ የቀረው በሬ ከወገቡ በላይ በሬ ነበር። ከወገቡ በታች ጨዋነት ነበር።

ይህንኑ በሬ ግድግዳው ላይ አሳድጌ ሳልኩት። ራሴን ላመስግንና፣ ጭንቅላቱ ያምር ነበር። ሰሞኑ የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ወላጆች ይገባሉ ይወጣሉ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ መንገደኛውም የባጃጅ ሹፌሩም ይቆማል። ከኋላዬ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ።

«ግንባሩ ሸጋ ነው።»

«ሻኛው ደልቧል።»

«ቆይ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«በሬ ነው» አልኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ።

«የቱ ጋ?»

በዚህ መሃል የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዳልቄ ደረሱ። አቶ ዳልቄ የከብት ነጋዴ ናቸው። መጥተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ከበሬው ሆድ ሥር ተመለከቱ። ግድግዳ ላይ ያለን በሬ ጎንበስ ብሎ ማየት ምን እንደሚጨምር እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን አቶ ዳልቄ ጎንበስ ስላሉ ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ።

«መምህርት» አሉ ቀና ብለው፣ «ላም ነው እንዳልል ጡት የለውም። በሬ ነው እንዳልል…» ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ሴቶች ቆመዋል። «በሬ ነው ልልም አልችልም።»

«ሰንጋ ነው» አልኩ። የተቀጠቀጠ በሬ ማለቴ ነው። ጥሩ መውጫ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

«ሰንጋም ቢሆን ምልክቱ ይቀራል። ይሄ ምልክት የለውም። ምንድን ነው፣ መልአክ ነው?»

ከዚያ በኋላ ሰንጋ ላይ ምን ቀርቶ ምን እንደሚሄድ ሰፊ ውይይት ተከፈተ። ሁሉም አዋቂ ነው። አንዱ በእጁ ያሳያል፣ ሌላው «የአንተ አገር ሰንጋ እንደዚያ ነው፣ የእኛ እንደዚህ ነው» ይላል። እኔ በሁለቱ አገር ሰንጋ መካከል ቆሜ ፊቴ ከበሬው ይበልጥ ቀልቷል።

ጫጫታውን ሰምተው አቶ ጴጥሮስ ከቢሮ ወጡ። እጃቸውን አነሡ።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው? ተበተኑ። ኮሚቴው ቅዳሜ ነው የሚያየው። አሁን እዚህ ጋ የሚመለከተው አካል የለም።»

ከኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር በጣም በትሕትና፣ «እኛም ያልነው እሱን ነው» አለ።

እንዲህ ያለ ሳቅ ትምህርት ቤታችን ሰምቶ አያውቅም። አቶ ጴጥሮስ ምን እንዳሳቀ ስላልገባቸው «የሚመለከተው አካል ሲመጣ ትስቃላችሁ» ብለው ጨመሩበት። አንዲት እናት ልጇን አስመዝግባ ስትወጣ የበሩን ብረት ይዛ ቁጭ አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ባጃጁ ሲያልፍ «መምህርት፣ የሚመለከተው አካል ምን ወሰነ?» ይላል። የዳቦ ቤቱ ልጅ ዳቦ ሲሰጠኝ «አይዞሽ፣ የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይሰጠዋል» ይላል። ቤት ገብቼ ሬዲዮ ስከፍት አንድ ባለሥልጣን በቁም ነገር «የሚመለከተው አካል ሁሉ ጎልቶ እንዲወጣ» ሲሉ ሰማሁና ሬዲዮውን ዘጋሁት። መምህር ታሪኩ ደግሞ በሻይ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ፣ «እኔ የኳስ መደርደሪያውን ለአናጢ አዝዣለሁ» አለኝ።

አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ጀግና ሰው ቢሆን የጎደለውን ይጨምራል። እኔ ሣር ጨመርኩ።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሣሩ ከፍ ካለ የሚታይ ነገር የለም፤ የሚታይ ነገር ከሌለ የጎደለ ነገር የለም። ለአረንጓዴ ቀለም ወደ ጋሽ ሳህሌ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ሳህሌ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከፈቱትን የቀለምና የሚስማር ሱቅ የያዙ ሰው ናቸው፤ ደንበኛን እንደ ልጃቸው ይቆጣሉ። ሣሬ ጉልበት ደረሰ፤ አልበቃም። ተመልሼ ሄድኩ። ወደ ጭን ወጣ፤ አሁንም የጥርጣሬ ቦታ ቀረ። ተመልሼ ሄድኩ።

«አሁንም አረንጓዴ?» አሉ ጋሽ ሳህሌ።

«አለቀብኝ።»

«ልጄ፣ የምትስዪው በሬ ነው ወይስ ስታዲየም?»

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይላል ተረቱ። የእኔ በሬ ምንም አላየም። ሣሩን ይዤ ገደል የገባሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱም ሣሩ ሆዱን ሲነካ የበሬው እግሮች ጠፉ፤ እግር የሌለው በሬ ደግሞ የሚግጥ አይመስልም፤ የሚሰምጥ ነው የሚመስለው። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ አንድ አዛውንት እናት ግድግዳው ፊት ቆመው፣ ድሮ ረግረግ ውስጥ ገብታ የቀረችባቸውን ላም እያሰቡ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አድርሰዋል። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ፣ «ይሄ በቀንዱ ገመድ ታስሮ ቢጎተት ይወጣል፤ ሰው አስተባብሪ» ብሎ መከረኝ።

ሣሩን እስከ ቁርጭምጭሚት አጨድኩት፤ ማለት በቡናማ ቀለም ሸፈንኩት። እግሮቹ ተመለሱ። ችግሩም ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ነው እንሰቱ የመጣልኝ። እንሰት በየጓሮው አለ፤ የአገራችን ተክል ነው፤ ማንም «ለምን ሳልሽ?» አይለኝም። ከበሬው ጎን አንድ ትልቅ እንሰት ሳልኩ፤ ከእንሰቱ አንዱ ሰፊ ቅጠል ነፋስ እንደገፋው ሆኖ ተጣጥፎ በበሬው ላይ፣ ልክ ማረፍ ያለበት ቦታ ላይ አረፈ። አቶ ጴጥሮስ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ቅጠሏ ምንድን ናት?»

«ቅንብር ነው» አልኩ። ቅንብር ዩኒቨርሲቲ ከተማርኳቸው መደበቂያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ከመምህር ታሪኩ በቀር። ኳሱን በክንዱ ሥር ይዞ መጣ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየ።

«በሬው ምን በልቶ ነው?»

«እንዴት?»

«ቅጠል የለበሰው። ከየትኛው ዛፍ በላ? ሔዋንንስ የት ነው የምትስያት፣ ከጀርባ?»

እኔ ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ። እስከ ዕረፍት ሰዓት የበሬው ስም አዳም ሆነ። ልጆቹ ሲገቡ «ደህና አደርክ አዳም» ይሉታል። ከሰንበት ትምህርት የሚያውቁትን ሁሉ ለጥፈውበት ነበር፤ አንዷ ልጅ መጥታ «ቲቸር፣ እባቡስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወላጆች ልጅ ሳያስመዘግቡ አዳምን ለማየት ብቻ መጡ። አቶ ጴጥሮስ ቢሮ አስጠሩኝ።

«መምህርት፣ ይህች በሬ ለምንድን ነው አዳም የተባለች?»

ወለሉን አየሁ።

«ተመልከት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዳልቄ ተቀይሟል። ‹በሬያችንን ቀሚስ አልብሳ አዋረደችን› ይላል። ቅዳሜ እንደዚህ ካገኘ ስቶሩን ለታሪኩ እንስጥ ይላል። እኔ ለአንተ እፈልጋለሁ። ግን ኮሚቴ ናት፤ ምን አደርጋለሁ?»

ያን ዕለት ማታ እራቴን ትቼ አልጋዬ ላይ የተዘረጉትን እርጥብ ቢራቢሮዎች እያየሁ ተቀመጥኩ። እትዬ ማርታ ገቡ። እትዬ ማርታ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት መሪ ናቸው፤ ሲጸልዩ ጎረቤት ሬዲዮ ይዘጋል። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ጉዳዩን እንዴት እንደነገርኳቸው አልዘረዝርም፤ ግማሹን በእጄ፣ ግማሹን በጉሮሮ መጥረግ ነበር። ሲገባቸው በሩን ይዘው እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ቁጭ አሉ።

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ከቤተ ክርስቲያን በኩል ነው የፈራሽው?»

«እሱም አለ።»

«እግዚአብሔር ሲፈጥረው ያላፈረበትን አንቺ ለመሳል ምን አሳፈረሽ? እሱ ቅጠል አላደረገበትም።»

ሥነ መለኮቱን ለእሳቸው ተውኩት። «ሰው እያየኝ አልችልም» አልኩ።

«እንግዲያው ሳያዩሽ ሳዪው። የዕድሩን ሸራ ውሰጂ።»

ቅዳሜ ማለዳ፣ ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው ብዬ፣ የዕድሩን ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች በገመድ ሰቀልኩና ከኋላው ገባሁ። የተማሪ ወንበር ላይ ከበሬው ሆድ ሥር ተቀመጥኩ። ቅጠሉን አጠፋሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ከከብት ገበያ ያየሁትን አስታወስኩ። ከዚያ ዓይኔን ከፍቼ ጀመርኩ።

አሁን ሠዓሊዎች ብቻ የሚያውቁትን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ትልቅ ሥዕል የሚስል ሰው በየጊዜው ወደ ኋላ ሄዶ ማየት አለበት፤ ካልሆነ ልኩ ይጠፋዋል። እኔ ወደ ኋላ ብሄድ ሸራው አለ፤ አፍንጫዬ ግድግዳ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ሁለተኛ፣ ሰማያዊ ሸራ ሥር ያለው ብርሃን ሰማያዊ ነው። ቡናማው ቀለሜ አመድ ይመስላል። ሕይወት የለውም ብዬ ቀይ ጨመርኩ። አሁንም አመድ። ቀይ ጨመርኩ። ነገሩን አንዴ ደፍሬ ከገባሁበት ደግሞ፣ ዳግመኛ ጎደለ እንዳይሉኝ፣ እጄን አልሰሰትኩም።

እዚያ ውስጥ ሆኜ ድምፅ ሰማሁ። አገራችን ውስጥ ሸራ የተሸፈነ ግድግዳ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ምረቃ። መንገደኛው ሸራውን አይቶ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ይቆማል፤ ሰው የቆመበት ቦታ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራል። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቀጥሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» የሚል ሞንታርቦ ሰማሁ። ከዚያ ሸራው ላይ አንድ ጣት ኳ ኳ አደረገ።

«መምህርት፣ ውስጥ አለሽ?» አቶ ጴጥሮስ ናቸው። «ምረቃ አሰብሽ። አንተ በጣም ጎበዝ ነሽ። ኮሚቴውን በስልክ ጠርቻለሁ፤ አሁን ይገባል።»

«ወራጅ አለ» ማለት ያልቻለ ሰው «ምረቃ አይደለም» ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። «እሺ» አልኩ፣ ከበሬው ሆድ ሥር።

ብሩሼን ይዤ በሸራው ጎን ስወጣ ግቢው ሞልቷል። እትዬ ማርታ ከኅብረቱ ሴቶች ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ሳህሌ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል፤ ያ ሁሉ አረንጓዴ የት እንደገባ ለማየት ይመስለኛል። መምህር ታሪኩ ከስቶሩ በር ጋር ተደግፎ ቆሟል። አቶ ጴጥሮስ ማይክራፎኑን ያዙ።

«የተከበራችሁ ወላጆች፣ ዛሬ የሚመለከተው አካል ሁሉ በተገኘበት…»

ከዚያ በላይ መቀጠል አልቻሉም። ሕዝቡ አላስቀጠላቸውም። ዝም እስኪል ጠብቀው «ለሚመለከተው አካል ክብር እንስጥ እንጂ» ብለው ቢቆጡ የባሰ ሆነ። በመጨረሻ አቶ ዳልቄ ተነሥተው ገመዱን ሳቡት።

ሸራው ወረደ።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሩቅ፣ በፀሐይ ብርሃን አየሁት። ስለ ቀለሙ ብነግራችሁ፣ ገበያ ላይ ከሩቅ የሚጠራ የበሰለ ቲማቲም አስቡ። ስለ መጠኑ ደግሞ፣ ከበሩ ላይ የቆመ ሰውዬ የበሬውን እግሮች ቆጥሮ አምስት አላቸው። ግንባሩ ላይ ያለው ያማረ ነጭ፣ የለፋሁበት ቀንድ፣ እጥፋት በእጥፋት የሳልኩት አንገት፣ አንዱም አይታይም ነበር። ዓይን ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም።

ሞንታርቦው ብቻ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ምናልባትም ጆሮዬ ነበር። ስቶሩ ከዓይኔ ፊት ሲሄድ ታየኝ፤ ኳሶች በሰልፍ ሲገቡ ታየኝ። አልጋዬ ታየኝ።

አቶ ዳልቄ ወደ ግድግዳው ሄዱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጎንበስ አሉ። እንደዚያው እንደ ጎነበሱ ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ» አሉ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ከብት ሸጫለሁ። የሁምቦን ገበያ አውቃለሁ፤ የቦምቤን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አሉ አቶ ጴጥሮስ በማይክራፎኑ።

«ይህን በሬ ለጊፋታ የሚያርድ ሰው ዕብድ ነው። ይሄ ለዘር ነው የሚቀመጠው።»

እትዬ ማርታ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጨምረዋል። ከኋላ አንዱ፣ «ይህን ይዞ እንዴት ብሎ ይራመዳል?» አለ። ሌላው «ቀስ ብሎ ነዋ» አለው። አቶ ጴጥሮስ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ በረካ ድምፅ፣ «አሁን ገና በሬ ሆነች» አሉ።

ኮሚቴው እዚያው ቆሞ ተሰበሰበ። ነገሩ ያለ ክርክር አላለፈም። ከእናቶቹ አንዷ፣ ወይዘሮ አበራሽ፣ «ልጆች ያሉበት ግቢ ነው፤ ይቀነስ» አሉ።

«ከተወለደ በኋላ ከብት አይቀነስም» አሉ አቶ ዳልቄ።

«ግድግዳ ላይ ነው ያለው እኮ፣ አቶ ዳልቄ።»

«ለዚህ ነው እኮ የማይቀነሰው። ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ይስላል። ያኔ ‹ሶዶዎች የነበራቸውን ቀነሱ› እንባል?»

ወይዘሮ አበራሽ በዚህ በኩል አላሰቡትም ነበር። ግድግዳውን እንደገና አይተው፣ «እንግዲያው ቀለሙ ይደብዝዝ፤ ዓይን ይወጋል» አሉ። በዚህ ሁሉም ተስማማ። ቀለሙ እንዲደበዝዝ ተወሰነ። መጠኑን በተመለከተ ኮሚቴው ቅሬታ እንደሌለው በማይክራፎን ተነገረ፤ አስፋልቱ ማዶ ያሉት ሱቆች ጭምር ሰሙት። እኔ ጫማዬን እያየሁ ቆሜያለሁ፤ አቶ ጴጥሮስ እጄን ይዘው መዳፌ ላይ ቁልፍ አስቀመጡ።

መምህር ታሪኩ መጥቶ፣ «ኳስ በዚህ አይወዳደርም» አለኝ። ሽንፈቱን እንደ ስፖርተኛ ተቀበለ፤ ዴስኮቹን ሲያወጣም ከማንም በላይ ደከመ።

ዴስኮቹን ማውጣት ቀላል ሥራ አልነበረም። እስከ ጣሪያ ተቆልለው ነበርና አንዱን ሲጎትቱት ሌላው ይከተላል። የመጨረሻዎቹ ከግድግዳው ሲነሡ ከኋላቸው ተሸፍኖ የኖረ መስኮት ወጣ። ሰፊ መስኮት ነው። ስንከፍተው ክፍሉ በብርሃን ሞላ፤ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ሠዓሊ በሕልሙ የሚያየው ዓይነት ብርሃን። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ተጠግቼ ወደ ውጪ አየሁ።

ግቢውን ተሻግሮ፣ ልክ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በሬው ቆሟል። በእርግጥ ቀለሙ ደብዝዟል።

መጋረጃ ልሰቅል አሰብኩ፤ ብርሃኑ አሳሳኝ። ብርሃን ከኋላ በትከሻ በኩል ወረቀት ላይ ሲወርድ ነው ለሥዕል የሚመቸው። ስለዚህ አሁን የተማሪዎቼን ወንበሮች ጀርባቸውን ለመስኮቱ አድርጌ ደርድሬያለሁ። ሥራቸው በገመድ ላይ ይደርቃል፤ እኔም አልጋዬ መሃል ላይ እተኛለሁ። ሳስተምር ሁሉም ቀና ብለው ወደ እኔ ያያሉ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ማየት ስለሚያሳፍረኝ፣ ከጭንቅላታቸው በላይ አሻግሬ አያለሁ።